ጓዝና መንገድ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ማይጨው

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን የሚሄደውን አውራ ጎዳና ብዙዎች አንባቢዎቻችን ያውቁታል። የማያውቁትም ቢሆኑ የከተሞቹን ስምና የተራራዎቹን ከፍታ ከመጻሕፍት ሊያገኙት ይችላሉ። እኛ ዛሬ በዚህ የቤተሰብ ገጽ ልናወሳ የፈለግነው ግን ከመስኮቱ ውጭ ስላለው ብቻ ሳይሆን በመኪናው ውስጥ ስላለውም ነገር ነው፤ ይኸውም አንድ ቤተሰብ በአንዲት ትንሽ መኪና ውስጥ እየተኛና እያበሰለ ሲጓዝ ዕቃውን በምን ዓይነት ሥርዓት ማስቀመጥ እንደሚገባው ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ለእኛም ከቤታችን ከመነሣታችን በፊት ቀላል መስሎን ነበር።

ጉዞው የተደረገው በጥር ወር 2007 ዓ.ም. ነው። በኋላ፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት፣ በዚሁ መንገድ ዳር ያሉት ከተሞች ያዩትን መከራ ሁሉም ያውቀዋል፤ በዚያን ጊዜ ግን ሰውም ጭነትም ያለ ሥጋት ይመላለስበት ነበር።

እናታችን በአዲስ አበባ የዳሌ አጥንት ሕክምና ተደርጎላቸው አራት ወር ያህል ከእኛ ጋር ከሰነበቱ በኋላ፣ የጥምቀትን በዓል በአገራቸው በማይጨው ለማክበር ቆረጡ። ሐኪሙ መጓዝን አልከለከለም፤ ነገር ግን ጋደም ብለው እንዲሄዱ፣ ብዙ ጊዜም እንዳይነሡና እንዳይቀመጡ አጥብቆ አዘዘ። ከአዲስ አበባ እስከ ማይጨው 660 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአውቶቡስ ወንበር ላይ ደግሞ ጋደም ማለት አይቻልም። እስከ መቀሌ በአውሮፕላን ሄዶ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ መመለስ ይቻል ነበር፤ ሆኖም እናታችን አውሮፕላንን ከሩቅ ከማየት በቀር ሊቀርቡት አልወደዱም።

ስለዚህ ከአንድ ዘመዳችን አሮጌ የጃፓን ሚኒባስ ተዋስን። ከሾፌሩ ጀርባ ያለውን አንዱን ረድፍ ወንበር አስቀርተን የቀሩትን ፈታናቸው። የተገኘው ወለል ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ተኩል ያህል ነበር። በግራው በኩል ከጣውላ አልጋ አሠራን፤ ከአልጋውም ሥር ሣጥኖች የሚገቡበት ባዶ ቦታ እንዲኖር፣ የላይኛው ጣውላም እንደ ክዳን እንዲነሣ አደረግን። እንግዲህ መኝታ ቤት፣ ወጥ ቤትና ዕቃ ቤት በ3 ካሬ ሜትር ውስጥ መዋላቸው ነው። የሠራውን ጠራቢም እኛ ራሳችንንም በጣም አመሰገንን።

ቀጥሎ የመጣው የዕቃው ድልድል ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር መግለጽ ይገባናል። እኛ የተማርነው በሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። በዚያ እያንዳንዱ ተማሪ ከአልጋው ሥር ቁጥር የተጻፈበት አንድ የእንጨት ሣጥን ነበረው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መምህሩ እየዞሩ ሣጥኑን ሁሉ ያስከፍቱ ነበር። የአንዱ ዕቃ በሌላው ሣጥን ውስጥ ከተገኘ ሁለቱም ይቀጣሉ። ይህ ሥርዓት በልባችን ተተክሎ ስለ ቀረ፣ ለዚህም ጉዞ አምስት ሣጥኖች አዘጋጅተን 1ኛው የእናታችን፣ 2ኛው የልጆቹ እናት፣ 3ኛው የልጆቹ፣ 4ኛው የእኛ፣ 5ኛው የወጥ ቤት ይሁን ብለን ቁጥር ጻፍንባቸው። የመኪናው መሣሪያ የወንድ ዕቃ ነው ተብሎ ከእኛ ልብስ ጋር በ4ኛው ገባ። በመሥሪያ ቤት ልማዳችንም መሠረት የየሣጥኑን ዝርዝር በሁለት ቅጂ አዘጋጀን። አንደኛው ቅጂ እቤት ተረሳ፤ ሁለተኛው በ4ኛው ሣጥን ውስጥ ነበር። 2ኛው፣ 3ኛውና 4ኛው ሣጥኖች ከአልጋው ሥር ገቡ። እናታችንም በላያቸው ተኙ።

ይህን አደላደል ሲያዩ እናታችን ምንም አልተናገሩም። ልጆቹ ሁለት ናቸው፤ ወንዱ ስድስት ዓመቱ፣ ሴቷ ሦስት ዓመቷ ነበር። እነርሱ በቀረው ወንበር ላይ ከአያታቸው ራስጌ ተቀመጡ፤ የልጆቹ እናት በጋቢና ከእኛ ጎን ሆነች። ከጧቱ 12 ሰዓት ተነሣን።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ነበር። በጥር ወር የዚያ አገር ብርድ ከልብስ ሥር የሚገባ ነው፤ ከተማው በብርድ ልብስ ፋብሪካው መታወቁ ያለ ምክንያት አይደለም። ልጆቹ ሲንቀጠቀጡ ሹራባቸውን ለማውጣት ፈለግን። ሹራቡ በ3ኛው ሣጥን ነው፤ 3ኛው ሣጥን ከአልጋው ሥር ነው፤ በአልጋው ላይ እናታችን አሉ። እንግዲህ በልጆቹ እናትና በእኛ ትከሻ ተደግፈው ተነሡ፤ ክዳኑ ተከፈተ፤ የልጆቹ ሹራብ ወጣ። የእርሳቸው ጋቢ ከኋላ በር አጠገብ በ1ኛው ሣጥን ነበር። የልጆቹ እናት ነጠላ በ2ኛው ነበር፤ ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ስለ ታወሳት ግን ተወችው። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት ፈጀ። እናታችን ተመልሰው ሲተኙ ከንፈራቸውን ነክሰው እንደ ነበረ አይተናል፤ አይተንም ዝም አልን።

ከደብረ ብርሃን በኋላ መንገዱ እየወጣ ከ3000 ሜትር በላይ ወደሚሆነው ወደ ጣርማ በር ይደርሳል። ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፈው ዋሻ በጣልያን ወረራ ዘመን የተሠራ ነው። ከዋሻው በወዲህ ፀሐይ ነበረች፤ ከዋሻው ስንወጣ ግን ጉም ተቀበለን፣ ከፊታችንም ያለው የጭነት መኪና መብራቱ ብቻ ቀረ። ከዚያ እስከ ደብረ ሲና ያለው ቁልቁለት እጥፋቱ ብዙ፣ በቀኝና በግራ ያለውም ገደል በጉም የተሸፈነ ስለ ሆነ ሾፌሩ ባያየው ይሻለዋል የሚያሰኝ ነው።

የልጆቹን የውኃ ኮዳ በአንዱ ሣጥን እንዳናስገባ ልጆቹ በየጊዜው ስለሚጠይቁት፣ ቦታ ሳናዘጋጅለት ከሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል እንዲሁ አስቀምጠነው ነበር። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው እጥፋት ላይ ኮዳው ተንከባሎ ወደ እግራችን ወረደ። ፍሬን ለመያዝ ስንረግጥ ፔዳሉ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ኮዳው ከሥሩ ገብቶ ነበር። ማርሹን ወደ ታች ለወጥን፤ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሳብን፤ ሞተሩ ጮኸ፤ የጭነት መኪናው የኋላ መብራት ወደ እኛ እየቀረበ መጣ። የልጆቹ እናት ምንም ሳትናገር ከወንበሯ ወርዳ፣ በእግራችን መካከል እጇን ሰድዳ ኮዳውን መዝዛ አወጣችው። ሁሉም ነገር ምናልባት አምስት ወይም ስድስት ሴኮንድ ቢሆን ነው። ደብረ ሲና እስክንደርስ ድረስ ኮዳውን በሁለት እጇ ይዛ እንደ ታቀፈች ነበር፤ እኛም እንድታስቀምጠው አልጠየቅናትም፤ የምታስቀምጥበት ቦታ አልነበረምና።

በደብረ ሲና ልጆች ከመንገዱ ዳር እየሮጡ ቆሎ ይሸጣሉ። የከተማው ቆሎ ዝነኛ ነው፤ እኛም እጃችን መንቀጥቀጡን እስኪያቆም ድረስ ቆመን ሦስት ከረጢት ገዛን። ከዚያ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድን። በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጊዜ ውስጥ ከጣርማ በር ብርድ 1300 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ወደ ቆላው ሙቀት መግባታችን ነው። ከፍታ በ1000 ሜትር ሲቀንስ ሙቀቱ 6 ወይም 7 ዲግሪ ያህል እንደሚጨምር በትምህርት ቤት ተምረን ነበር፤ ይህ ቁጥር በሣጥን አደላደል ላይ ምን እንደሚያስከትል ግን ማንም አላስተማረንም። አሁን ደግሞ ሁሉም ሹራቡን አውልቆ ስስ ልብስ ፈለገ። ስሱ ልብስ የት ነው? ከአልጋው ሥር። እናታችን ለሁለተኛ ጊዜ ተነሡ። በአዲስ አበባ ጥብቅ አድርገን የከደንነው የፕላስቲክ የዘይት ዕቃም ጎኑ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ አገኘነው፤ የቆላው አየር ከደጋው ይልቅ ስለሚከብድ ነው።

ሰንበቴ የእሑድ ገበያ ያላት ናት፤ እኛ ያለፍንባት ቀን እሑድ አልነበረምና ሜዳው ባዶውን ነበር። ሦስተኛው ጊዜ የመጣው ከከሚሴ ሳንደርስ ነው። የኋላው ቀኝ ጎማ ተነፈሰ። ክሪኩና የጎማው መፍቻ በ4ኛው ሣጥን፣ ከእኛ ሸሚዞች በታች ነበሩ። በዚህ ጊዜ እናታችንን ማንሣት ብቻ አልበቃም፤ መኪናው በክሪክ ሲነሣ ሰው በውስጡ መቀመጥ አይገባውምና ማውረድም አስፈለገ። ከግራር ጥላ ሥር ጋቢ አንጥፈን አሳረፍናቸው። ጥላው እየሸሸ ሄደ። የልጆቹ እናት እንደ ገና ልታነሣቸው ስትጠጋ፣ «ተዪኝ ልጄ፤ ፀሐይ ይሻለኛል፤ መነሣቱ ነው የከፋው» አሏት። ይህን ቃል ጎማውን እያጠበቅን ሰማነው። በዚያች ሰዓት የቁጥር ሣጥኖቻችንን ሁሉ ወደ ቦርከና ወንዝ ብንወረውራቸው ደስ ባለን ነበር።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ጀምበር ጠልቃ ነበር። በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ግቢ ውስጥ መኪናውን አቁመን ለማደር ተፈቀደልን። እራት ለማብሰል ስንነሣ ፋኖሱ ጠፋ። ሣጥን እየከፈትን በክብሪት ስንፈልግ ቆይተን በመጨረሻ ከድስቱ ውስጥ ተገኘ። ልጆቹ በድርቆሽ ፍርፍር እንደ ነገሩ ከበሉ በኋላ ተኙ። ያን ጊዜ እናታችን ከአልጋቸው ሆነው፣ ከጧት ጀምሮ ይዘውት የዋሉትን ንግግር ጀመሩ።

እናታችን የሚናገሩት በትግርኛ ነው፤ እኛ ወደ አማርኛ መልሰነዋል።

«ለመሆኑ ዛሬ ተራራው ላይ የበረደው ማን ነበር?» አሉ።

«ሁላችንም ነን፣ እናቴ» አልን።

«ቆላ ስንወርድስ የሞቀው?»

«ሁላችንም።»

«ታዲያ ብርዱ ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚመጣ ሲሆን፣ ልብሱን ለምን በየሰው ከፋፈላችሁት?»

መልስ አልነበረንም። እንደ እውነቱ ከሆነ በዚያ ግቢ ውስጥ ቆመን፣ ከሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ጀምሮ ሲያገለግለን የኖረው ሥርዓት በአንዲት ጥያቄ ሲፈርስ አየነው። በአዳሪ ቤት ያለው ሣጥን አይንቀሳቀስም፤ የሚንቀሳቀሰው ተማሪው ነው። በመንገድ ላይ ግን ሣጥኑ፣ ሰውና አየሩ አብረው ይንቀሳቀሳሉ።

የእናታችን አባት ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። ከአፋር ቆላ የሚመጣውን አሞሌ ጨው በበቅሎና በአህያ ጭነው ወደ ደጋው ገበያ ያመላልሱ ነበር፤ እናታችንም በልጅነታቸው ጭነት ሲጫንና ሲራገፍ እያዩና እየረዱ አደጉ። እዚህ ላይ አማርኛ ለሚማሩ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ብናስታውስ ቅር አይላቸውም ብለን እናምናለን። አማርኛው «ጫነ» የሚለውን ትግርኛው «ጸዓነ» ይለዋል፤ ሁለቱም ከግዕዙ «ጸዐነ» ጋር አንድ ዘር ናቸው። እንዲሁም ስንቅ ማለት ለመንገድ የሚያዝ ምግብ ነው፤ ጓዝ ማለት መንገደኛው ይዞት የሚሄደው የቤት ዕቃ ሁሉ ነው፤ ጭነት ግን ስንቁም ጓዙም ከጀርባ ላይ ወጥቶ ሲመዘን ያለው ስም ነው። እናታችን በዚያች ሌሊት ያስተማሩን ስለ ጭነት ነው፤ እኛ እስከዚያ ድረስ ስለ ጓዝ ብቻ ነበር ስናስብ የነበረው።

«በቅሏችሁ ታነክሳለች» አሉ ቀጥለው። መኪናውን ማለታቸው ነው። በእርግጥም አልጋው በግራ፣ ሦስቱ ሣጥኖች በግራ፣ እያንዳንዳቸው 20 ሊትር የሚይዙት ሁለቱ የውኃ ጀሪካኖችም ለወጥ ቤቱ ይቀርባሉ ተብለው በግራ ነበሩ። አንዱ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። በቀኝ በኩል ያለው ፍራሽና ባዶ ቅርጫት ብቻ። በበቅሎ ጀርባ ላይ እንዲህ ያለ ጭነት ቢጫን እስከ ቀትር ድረስ ኮርቻው ዞሮ ጀርባዋን ይልጠዋል። መኪና ጀርባው አይላጥም፤ ግን በየእጥፋቱ ወደ ግራ ማጋደሉን እኛ ከመንገዱ ጠባይ ቆጥረነው ነበር።

በማግስቱ ጧት ሁሉንም ዕቃ አውርደን በግቢው ውስጥ ዘረጋነው። እናታችን በአልጋቸው ሆነው በተከፈተው በር በኩል ያዙ ነበር፤ ልጁም በከሰል ጻፈ። ያን ዓመት ፊደል መቁጠር ጨርሶ ነበርና ለዚህ ሥራ ከመመረጡ የበለጠ ክብር አልነበረውም። ሣጥኖቹ ያው አምስቱ ናቸው፤ የተለወጠው ስማቸው ነው።

አንደኛው ደጋ ተባለ። የሁላችንም ጋቢ፣ ሹራብ፣ ካልሲና ብርድ ልብስ የእርሱ ሆነ። ሁለተኛው ቆላ ተባለ፤ ስስ ልብስ፣ ባርኔጣ፣ የፊት ፎጣ። ደጋና ቆላ ከኋላው በር አጠገብ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ መንገዱ ወደ ላይ ሲወጣ አንዱ፣ ወደ ታች ሲወርድ ሌላው ይከፈታል። ሦስተኛው ማታ ነው። ድስቱ፣ ሳህኖቹ፣ ሽሮውና በርበሬው፣ ምድጃውና ጀበናው በእርሱ ውስጥ ሆነው መጨረሻ ተጫነ፤ ማታ መኪናው ሲቆም መጀመሪያ የሚወርደው እርሱ ስለ ሆነ ነው። አራተኛው መንገድ ተባለ፤ ክሪክ፣ መፍቻ፣ ገመድ፣ ጨርቅና ፋኖስ ያዘ፤ በቀኙ የጎን በር አፍ ላይ ተደርጎ ሰው ውጭ ቆሞ ያለ መብራት እጁን ሰድዶ እንዲያገኘው ሆነ። እናታችን በዚህ ሣጥን ውስጥ ከግቢው ሁለት ድንጋይ እንድንጨምር አዘዙ። እኛም ስቀን፣ «በዚህ አገር ተራራ ላይ ድንጋይ ይታጣል እንዴ?» ብንላቸው፣ «በጨለማ ይታጣል» አሉ። ድንጋዮቹ ገቡ።

አምስተኛው አገር ነው። ለዘመድ የተያዘው ቡና፣ ስኳር፣ ቀሚስና ጫማ፣ እንዲሁም ማይጨው ሳይደርሱ የማያስፈልገው ሁሉ በእርሱና በትርፉ ቦታ ገብቶ ከአልጋው ሥር ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ክዳኑ የሚነሣበት ምክንያት አልነበረም።

ጀሪካኖቹ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ሆነው ከኋላ ጎማዎች ፊት በገመድ ታሰሩ። ከባድ ዕቃ ወደ ጅራት ከሄደ ፊቱ ይቀልላል፣ መሪውም ይላላል፤ ይህን እናታችን ስለ በቅሎ የተናገሩት ቢሆንም ለመኪናም እውነት ነው። የዘይቱን ዕቃ በላዩ ትንሽ ባዶ ቦታ ትተን በሣህን ውስጥ ቀጥ አድርገን አቆምነው፤ ወደ ደጋ ሲወጣ ማበጡና ማንጠባጠቡ አይቀርምና። ሲኒዎቹን በምን እንጠቅልላቸው ብለን ስንጨነቅ፣ የልጆቹ እናት ከደብረ ሲና የገዛነውን ቆሎ በቅርጫት ገልብጣ ሲኒዎቹን በቆሎው መካከል ቀበረቻቸው። አንድም አልተሰበረም፤ ብቻ ልጆቹ ቆሎውን ባነሱት መጠን ሲኒዎቹ ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። ለኮዳውም በልጆቹ ወንበር ጎን አንድ የጨርቅ ኪስ ተሰፋለት። ይህን የሰፋችው የልጆቹ እናት ናት፤ ከሁሉ በፊት ያደረገችውም ይህንኑ ነበር።

ከኮምቦልቻ የተነሣነው በ4 ሰዓት ነው። ወደ ደሴ የሚወስደው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ነው፤ ከላይ ስንደርስ ደጋ ተከፈተ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ለበሰ፣ ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። እናታችን ከአልጋቸው እጃቸውን ዘርግተው ጋቢያቸውን ተቀበሉ። ሐይቅን በስተቀኛችን አይተን አለፍን፤ በ13ኛው ምዕት ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የገነነው የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ነው፤ ከመኪና ሳይወርዱ ማለፉ የሚያስቆጭ ቢሆንም በዚያን ቀን አልቻልንም። በ1881 ዓ.ም. ውሉ የተፈረመባትን ውጫሌን አልፈን ምሳችንን በወልድያ በላን። ከዚያ የቆቦ ሜዳ መጣ። ማሽላው ታጭዶ አገዳው ቀርቷል፤ ግመሎች በመንገዱ ዳር በሰልፍ ይሄዳሉ። ቆላ ተከፈተ። እናታችን ከትራሳቸው ቀና ብለው የግመሎቹን ጭነት ሲመለከቱ ቆዩና፣ «የሁለተኛዋ አልተስተካከለም» አሉ። እኛ ልዩነቱን አላየንም።

አላማጣ ስንደርስ መሽቶ ነበር። እዚያ ማደር ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ከከተማው በላይ ያለው የግራት ካሕሱ ዳገት ካለፈ በኋላ ማይጨው ሩቅ አይደለም፤ እናታችንም የአገራቸውን ተራራ በጨለማ ውስጥ ቢሆን እንኳ አውቀውት ነበርና ለመቀጠል ወሰንን። ውሳኔው የተሻለ ነበር ማለታችን አይደለም። ከ1500 ሜትር ያህል ተነሥቶ እስከ ኮረም 2500 ሜትር ያህል የሚወጣ፣ እንደ እባብ የሚጠማዘዝ መንገድ ነው። ከግማሹ በላይ ስንደርስ የሙቀቱ መለኪያ ወደ ቀዩ ወጣ፤ ከሞተሩም እንፋሎት ተነሣ።

በእጥፋቱ ዳር ባገኘነው ሰፋ ያለ ቦታ ቆምን። ጨለማው የጨረቃም የከተማም መብራት የሌለበት ነው። የእጅ ፍሬኑን ስበን ማርሽ አስገባን፤ ፍሬኑ ግን አሮጌ ነበርና መኪናው አንድ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ተንሸራተተ። የልጆቹ እናት ወርዳ የጎኑን በር ከፈተች። ሣጥኑ ከቦታው ነበር። ሁለቱን ድንጋዮች በእጇ ዳስሳ አውጥታ ከኋላ ጎማዎች ሥር አስገባቻቸው፤ መኪናው ቆመ። ቀጥላ ፋኖሱን አወጣች፤ ከበስተኋላ የሚመጣ መኪና እንዲያየን መንገዱ ላይ አስቀመጠችው። እኛ ደግሞ ጨርቁን ይዘን ራዲያተሩ እስኪበርድ ድረስ ቆመን ጠበቅን፤ የፈላ ራዲያተር ክዳኑ ወዲያው ከተከፈተ የሚቃጠለው ፊት ነውና። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቀን ከቀኙ ጀሪካን ውኃ ቀድተን ሞላነው። በዚህ መካከል ብርዱ ከኮረም በኩል ወረደ፤ ደጋ ተከፈተ፣ ልጆቹ በተኙበት ተሸፈኑ።

እናታችን ግን አልነቁም ነበር። በፋኖሱ ብርሃን ፊታቸውን አየን፤ አፋቸውን ትንሽ ከፍተው፣ አንድ እጃቸውን ከጉንጫቸው ሥር አድርገው ተኝተዋል። የልጆቹ እናት ጋቢውን እስከ ትከሻቸው ሳበችላቸው። አንዳችን ለሌላችን ምንም አልተናገርንም፤ ድንጋዮቹን አንሥተን ወደ ሣጥናቸው መለስንና ሄድን።

ኮረምን አልፈን የአሸንጌ ሐይቅ በጨለማው ውስጥ እንደ ብረት ሲያበራ በስተግራችን አየነው። ከመጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት በኋላ ሲመለስ የነበረው የኢትዮጵያ ሠራዊት በአውሮፕላን የተደበደበው በዚህ ሐይቅ ዳር ነው፤ በቅሎዎቹም ጭነታቸውም ከሰው ጋር እዚያ ቀርተዋል። ማይጨው የገባነው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ዘመዶች መብራት ይዘው ወጡ። እናታችን ሲነቁ መጀመሪያ የጠየቁት፣ «አገር የተባለውን ሣጥን አውጡት፤ ቡናው የት ነው?» ብለው ነው።

ጥምቀትን አክብረን፣ እናታችንን እዚያው ትተን ስንመለስ ሣጥኖቹን በዚያው ሥርዓት ጫንናቸው። ልጁ በከሰል የጻፈው ስለ ደበዘዘ እንደ ገና አደመቀው። ከከተማው ወጥተን የመጀመሪያው እጥፋት ላይ መኪናው ወደ ቀኝ አጋደለ። ጎማ የተነፈሰ መስሎን ወርደን ተመለከትን፤ ጎማው ደኅና ነው። ጀሪካኖቹ በግራና በቀኝ ታስረዋል፤ ሣጥኖቹ ሁሉ በየቦታቸው ናቸው። የልጆቹ እናት ግን በሩን ከፍታ ባዶውን አልጋ ለጥቂት ጊዜ አየችና፣ የቀኙን ጀሪካን ገመድ ፈታ ወደ ግራ አሻገረችው።